ተቆርጦ ቢሄድም እውነቱን የማይለቅ ጽሑፍ፦ ሳይንስን በማኅበራዊ ሚዲያ ለሕዝብ የማድረስ የአሠራር መመሪያ

ለታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ፣ ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ግንፍሌ አካባቢ ያለው ሕንፃችን ተነቃነቀ። የቁም ሣጥኑ በር በራሱ ተከፈተ፤ የጣሪያው መብራት ተወዛወዘ። ጋቢና ብርድ ልብስ እየተከናነበ ሰው ሁሉ ወደ ግቢው ወረደ። ከመሬቱ ይልቅ ሰውን ያናወጠው ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ በስልክ የደረሰው መልእክት ነበር። «ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከዚህ የከፋ ይመጣል፤ ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ» ይላል። ማን እንደ ጻፈው አይታወቅም። ምድር ቤት የሚኖሩት እናት ስልካቸውን ዘርግተውልኝ «ልጄ፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ አይደል የምታስተምሪው? እውነት ነው?» አሉኝ።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ነበረኝ። የመሬት መንቀጥቀጥ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይመጣል ብሎ ሊናገር የሚችል ሳይንቲስት በዓለም ላይ የለም። ይህንኑ ነገርኳቸውና ትንሽ ተረጋጉ። መልእክቱ ግን በዚያች ደቂቃ ከእርሳቸው ስልክ አልፎ ስንት ቤት ገብቷል! ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለሕንፃችን የቴሌግራም ቡድን አጭር ማብራሪያ ጻፍኩ። ይህ መመሪያ የተወለደው ከዚያ ማብራሪያና በማግስቱ ከደረሰበት ነገር ነው። የደረሰበትን ወደ መካከል ላይ እነግራችኋለሁ።

የምጽፈው በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ቤተ ሙከራዎች ለምትሠሩ ተመራማሪዎች፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለምትለማመዱ ሐኪሞች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በማዘጋጀት ላይ ላላችሁ ተማሪዎች ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሳይንስ ወሬ የሚጓዝበት መንገድ አንድ ነበር። ተመራማሪው በእንግሊዝኛ በሚታተም ጆርናል ላይ ያወጣል፤ ዕድል ከቀናው አንድ ጋዜጠኛ ያየዋል፤ ከወራት በኋላ የአምስት ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት ይሆናል። አድማጩ ያልገባውን የሚጠይቅበት ደጅ አልነበረውም። አሁን ጥያቄው ራሱ ተነሥቶ ይመጣል፤ በሌሊት ይመጣል፤ መልሱንም በዚያው ሌሊት ይፈልጋል። እኛ ዝም ካልን ሌላው ይመልሳል።

ለውጡ ሳይንቲስቶች እርስ በርስ የሚተራረሙበትንም መንገድ ነክቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 የአሜሪካው የሕዋ ተቋም ናሳ በፎስፈረስ ፋንታ አርሴኒክን ተጠቅሞ መኖር የሚችል ባክቴሪያ ተገኘ የሚል ጥናት በጋዜጣዊ መግለጫ ይፋ አደረገ። በቀናት ውስጥ በካናዳ የሚሠሩት የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ሮዚ ሬድፊልድ በግል ጦማራቸው ላይ የጥናቱን ክፍተቶች አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ክርክሩ በጆርናል እንጂ በጦማር መካሄድ የለበትም የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ግኝቱን የሚያፈርሱ ሁለት ጥናቶች ጥናቱን መጀመሪያ ባወጣው ሳይንስ በተባለው ጆርናል ላይ ታተሙ፤ አንደኛው የሬድፊልድና የባልደረቦቻቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ጆርናሉ ጸሐፊዎቹ እየተቃወሙም የመጀመሪያውን ጥናት ሰረዘው። ሙግቱ የተጀመረው ማንም ሊያነበው በሚችል ገጽ ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ከሰው አፍ ተቀበሉ

ብዙዎቻችን የምንጀምረው እኛ ከምናውቀው ነው። ጀምሩ ከተባላችሁ ግን አንባቢው ከሚጠይቀው ጀምሩ። ለአንድ ሳምንት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ የጀበና ቡና በሚጠጣበት ጥግ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲወጣ ሰው ስለ ጤናው፣ ስለ አየሩ፣ ስለ መሬቱ የሚጠይቀውን በራሱ ቃል ጻፉ። ቃሉን አታርሙ፤ አታሳምሩ።

የተሻለ ልምምድ ከፈለጋችሁ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ግቡና ድንቅነሽ ፊት ለፊት ቁሙ። እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ከተገኘችው ከዚህች ቅሪተ አካል ፊት የሚቆም ጎብኚ የሚጠይቀው አንድ ዓይነት አይደለም። «አጥንቷ ይኸው ነው ወይስ ቅጂው?» ይላል አንዱ። «3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን በምን አወቁት?» ይላል ሌላው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ድንቅነሽና ሰላም የተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል ለዕይታ ወደ ፕራግ በሄዱ ጊዜ ደግሞ «ለምን ወሰዷቸው?» የሚለው ጥያቄ በየቦታው ተሰማ። እያንዳንዱ ጥያቄ ለአንድ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ነው። ሁለተኛውን ውሰዱ። መልሱ ያምራል፤ የሚለካው በአብዛኛው አጥንቱ ሳይሆን አጥንቱ ከተገኘበት ደለል በላይና በታች የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ያለው ፖታስየም በዝግታ ወደ አርጎን ስለሚለወጥ የተጠራቀመው አርጎን እንደ ሰዓት ያገለግላል። «የአርጎን ልኬት ዘዴ» ብላችሁ ርእስ ብትሰጡት አንባቢው ያልፈዋል፤ «3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን በምን አወቁት?» ብትሉት ቆሞ ያነበዋል፤ ጥያቄው የራሱ ነውና።

ከጥያቄው በታች ያለውን ፍርሃትም አድምጡ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር ሰው ያኔ ፒያሳ ወደ ነበረው አትክልት ተራ ለሎሚና ለነጭ ሽንኩርት ተሻማ፤ ፌጦ ውድ ሆነ። «ፌጦ ይከላከላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ብዙዎቻችን «አይከላከልም» ብለን ዘጋን። መልሱ ልክ ነበር፤ አሰጣጡ ግን ጎደሎ ነበር። ጠያቂዋ «በእጄ ምን አለኝ?» ማለቷ ነበር። ሳሙናና ውኃ፣ የተከፈተ መስኮት፣ መራራቅ እንዳላት አብረን መንገር ነበረብን። በባዶ እጅ የተመለሰ ሰው የሚሄደው መድኃኒት አለኝ ወደሚለው ነው።

ሁለተኛ፦ ዜናውን ሳይሆን ጥናቱን አንብቡ

በፌስቡክ ያነበባችሁትን የግኝት ዜና መልሳችሁ አትጻፉ። ወደ ጥናቱ ሂዱ። አብዛኞቹ የዘመኑ ጥናቶች ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር አላቸው፤ በእርሱ ፈልጉ። የሕክምና ወይም የሥነ ሕይወት ጉዳይ ከሆነ ፐብሜድ ሴንትራል በተባለው ማኅደር ውስጥ ሙሉው ጽሑፍ በነጻ መገኘቱን እዩ። ክፍያ ቢጠየቅበት ለጸሐፊው አጭርና ትሑት ኢሜይል ላኩ፤ ጽሑፋቸው እንዲነበብ የማይፈልጉ ተመራማሪዎች ጥቂት ናቸው።

ስታነቡ ጥናቱ በምን ላይ እንደ ተሠራ አጣሩ፤ በብልቃጥ ውስጥ ባለ ሕዋስ፣ በአይጥ ወይስ በሰው? ስንት ነበሩ? ከማን ጋር ተነጻጸሩ? በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሟል ወይስ ገና ቅድመ ኅትመት ነው? ይህ የመጨረሻው ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል። ቅድመ ኅትመት በረከትም አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የኮሮና ቫይረስ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል በጆርናል ከመታተሙ በፊት ለሁሉም ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ በመውጣቱ የመመርመሪያና የክትባት ሥራ በቀናት ውስጥ ተጀመረ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ቫይረሱ ከኤች አይ ቪ ጋር እንግዳ መመሳሰል አለው የሚል ቅድመ ኅትመት ወጣ፤ ሳይንቲስቶች በትዊተር ላይ ስሕተቱን ስላሳዩ በሁለት ቀን ገደማ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አነሡት። «ቫይረሱ በሰው እጅ የተሠራ ነው» የሚለው ወሬ ግን ከጽሑፉ ጋር አልተነሣም። ስለዚህ ቅድመ ኅትመትን የምትጠቅሱ ከሆነ «ገና በባለሙያዎች ያልተገመገመ» የሚለውን ቃል ከግኝቱ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሩት።

የግኝቱን ልክ ጠብቁ። ለዚህ ከእንዶድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከዚያ የተነሣው ምርምር ለእርሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። አሁን በማኅበራዊ ሚዲያ «እንዶድ ቢልሃርዝያን ይፈውሳል» ብላችሁ ብትጽፉ የተገኘውን ሳይሆን ያልተገኘውን ጻፋችሁ። እንዶድ የገደለው በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ነው፤ በታመመ ሰው ሆድ ውስጥ ላለው ትል መድኃኒት አልሆነም፤ ተጠጥቶም ይጎዳል። በአንዲት ግሥ ለውጥ ሰው ሊታመም እንደሚችል አስቡ።

ሦስተኛ፦ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ቢቀርም የማይዋሽ ይሁን

ከዚህ መመሪያ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ። በዚያ ሌሊት የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦

«የተሰማን ንዝረት የመጣው ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነው። በስምጥ ሸለቆ መሬቱ ስለሚላቀቅ እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። ከዚህ የሚበልጥ አይመጣም ማለት አይቻልም። ቀኑንና ሰዓቱን የሚያውቅ ግን ማንም የለም፤ የ12 ሰዓቱ ወሬ ሐሰት ነው።»

እያንዳንዱ ቃል ልክ ነበር። በማግስቱ ወደ ማታ ጉለሌ የምትኖር አክስቴ ደንግጣ የላከችልኝ መልእክት ግን «የዩኒቨርሲቲ መምህርት፦ ከዚህ የሚበልጥ ይመጣል!» ይላል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ፣ «አይመጣም ማለት አይቻልም» ተጣሞ «ይመጣል» ሆኗል። ላስተባብለው የተነሣሁትን ወሬ እኔው በማዕረጌ አተምኩለት። ሕፃናት ያሏቸው ጎረቤቶቼ ሁለት ሌሊት በብርድ ውጭ አደሩ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የካቲት 7 ቀን ደግሞ መጠኑ 6 ገደማ የሆነ ከዚያ የበለጠ መንቀጥቀጥ በእርግጥ መጣ፤ ያኔ «እርሷ ተናግራ ነበር» ተባለልኝ። አልተናገርኩም ነበር። ምስጋናውም እንደ ድንጋጤው በስሕተት ላይ የቆመ ነበር፤ እንዲያውም ይበልጥ አስፈራኝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓቱን ንገሪን እባላለሁና።

ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ጽሑፉ እንደሚቆረጥ አውቄ ነው። አማርኛ ለዚህ ታላቅ ስጦታ አለው፤ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው። ገደቡን፣ ጥርጣሬውን፣ ሁኔታውን ሁሉ ከማሰሪያው በፊት ብታስገቡት ማንም ዓረፍተ ነገሩን ሳያበላሽ ሊነቅለው አይችልም። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «ከዚህ የሚበልጥ ይምጣ አይምጣ፣ ቢመጣስ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ ማንም የለም።» ከየት ትቆርጡታላችሁ? «ነገር ግን» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ባያችሁ ቁጥር ተጠራጠሩት፤ ያለ እርሱ የቀደመው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሊሄድ ነው። ሁለቱን በ«እንጂ»፣ በ«ቢሆንም»፣ በ«ቢሆን እንኳ» አጣብቋቸው። ድርብ አሉታንም ሽሹ፤ «አይመጣም ማለት አይቻልም» የሚለው በድንጋጤ ውስጥ ለሚያነብ ሰው ወጥመድ ነው።

«ዛሬ»፣ «ትናንት»፣ «አሁን» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። የቴሌግራም መልእክት ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲዞር «ዛሬ» ያኔም ዛሬ ነው። ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ቦታውን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገቡ። ምስል የምትሠሩ ከሆነ ቀኑና ስማችሁ ምስሉ ላይ ይጻፍ፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በመንገድ ላይ ይቀራል። ሐሰተኛውን ወሬም በመጀመሪያው መስመር ላይ አታስቀምጡ። በስልክ መስኮት ላይ ብቅ የሚለው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ «በ12 ሰዓት መንቀጥቀጥ ይመጣል የሚባለው ሐሰት ነው» ብላችሁ ብትጀምሩ ብዙ ሰው የሚያየው «በ12 ሰዓት መንቀጥቀጥ ይመጣል» የሚለውን ነው። እውነቱ ይቅደም፤ ወሬው አንድ ጊዜ ብቻ፣ መካከል ላይ ይጠቀስ።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳና አመዱ እስከ ሕንድ ሲደርስ «ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈነዳ» የሚለው ዜና በየስልኩ ዞረ። ትክክለኛው አባባል ግን ሌላ ነበር፤ በዚያ ዘመን ውስጥ መፈንዳቱ በመዝገብ አልተገኘም ነው የሚባለው። አካባቢው ሩቅና ያልተጠና መሆኑን ስታስቡ በ«አልተመዘገበም» እና በ«አልፈነዳም» መካከል ሰፊ ገደል አለ። እኛ ይህን ገደል ካላሳየን ማን ያሳያል?

ርዝመትን በተመለከተ በቴሌግራም አንድ መልእክት እስከ 4,096 ፊደልና ምልክት፣ የምስል መግለጫ ደግሞ እስከ 1,024 ይይዛል። ልኩን መሙላት ግን ግዴታ አይደለም። በአንድ መልእክት አንድ ጥያቄ መልሱ፤ ሁለተኛው ለነገ ይቆይ።

አራተኛ፦ ቃሉን እንደ መድኃኒት መጥኑ

በብዙ ዜናዎቻችን «በሬክተር ስኬል» የሚል እናነባለን። ሬክተር የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 መለኪያውን ያወጡት ሰው ቻርለስ ሪክተር ይባላሉ። ከዚያም በላይ ዛሬ ለትልልቅ መንቀጥቀጦች የሚሠራበት ሌላ ስሌት በመሆኑ «መጠኑ 5.7» ማለት ይበቃል። ልማዱን ለማረም ግን አንባቢን አታሸማቅቁ፤ በትክክል እየጻፋችሁ አስለምዱት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው፣ በሳይንስ ግን ሌላ ትርጉም ያላቸው ቃላት ናቸው። ሐኪም «ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው» ሲል በሽታው ተገኘ ማለቱ ነው፤ ታማሚው ግን መልካም ዜና መስሎት ፈገግ ሊል ይችላል። «ንድፈ ሐሳብ» ስንል በማስረጃ የቆመ ማብራሪያ ማለታችን ነው፤ ብዙ አንባቢ የሚሰማው «ገና ሐሳብ ብቻ» የሚለውን ነው። «ልዩነቱ ትርጉም ያለው ነው» የሚለው የስታቲስቲክስ አነጋገር በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም ከማለት አያልፍም፤ ልዩነቱ ትልቅ ወይም ጠቃሚ ነው ማለት አይደለም። «ማስረጃ አልተገኘም» ደግሞ ተፈልጎ ታጣ ወይስ ጨርሶ አልተፈለገም? ለይታችሁ ጻፉ።

ሰው የለመደው ቃል ካለ እርሱን ተጠቀሙ፤ ቫይረስ፣ ባክቴሪያ፣ ክትባት፣ እሳተ ገሞራ። አዲስ ቃል ካስፈለገ አንድ ጊዜ በግልጽ አስረዱና እስከ መጨረሻው አትለውጡት። አስቸጋሪ ቃል በመደርደር የሚገኝ ክብር የለም።

አምስተኛ፦ ቁጥሩን ወደ ሰው፣ ሰዓቱን ወደ እኛ ሰዓት መልሱ

«አደጋውን በ50 በመቶ ይቀንሳል» የሚል ጥናት ብታነቡ ከስንት ወደ ስንት ብላችሁ ጠይቁ። ከ1,000 ሰው 2 ይታመሙ የነበሩት 1 ከሆኑ ቅነሳው 50 በመቶ ነው፤ ከ1,000 ሰው 400 የነበሩት 200 ከሆኑም 50 በመቶ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው? በሰው ቁጥር ጻፉት።

የመሬት መንቀጥቀጥ መጠን አንድ ቁጥር ሲጨምር (ከ4.7 ወደ 5.7 ሲሄድ ማለት ነው) የንዝረቱ ስፋት 10 እጥፍ፣ የሚለቀቀው ኃይል ግን 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ይህንን ያላወቀ አንባቢ «በአንድ ብቻ ነው የጨመረው» ብሎ ይዘናጋል። የታኅሣሥ 26ቱን አንዳንድ ተቋም 5.7፣ አንዳንዱ 5.8 ማለቱ ደግሞ ለሤራ ወሬ በር ከፍቶ ነበር፤ መሣሪያውና ስሌቱ ሲለያይ እንዲህ ያለ ትንሽ ልዩነት እንደሚጠበቅ በአንድ መስመር ማስረዳት በሩን ይዘጋዋል።

ሰዓት ላይ የሚሠራው ስሕተት ብዙ ነው። ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች የሚጽፉት በግሪንዊች ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ጨምሩ፤ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ስድስት ሰዓት ቀንሱ፤ ቁጥሩ ለመቀነስ ካልበቃ መጀመሪያ 12 ጨምሩበት። የዚያ ሌሊት መዝገብ 00፡52 ይላል፤ ሦስት ሲጨመር 3፡52፣ በእኛ ሌሊት 9፡52። ቀኑም በሁለቱ አቆጣጠር የተለያየ ስለሆነ «አጥቢያ» የሚለውን ቃላችንን አትርሱት፤ የትኛው ሌሊት እንደሆነ ያለ ክርክር ይለያል።

ስድስተኛ፦ ሁለት ሰው ያንብበው፤ አንዱም ይስማው

ከመለጠፋችሁ በፊት ጽሑፉን ለሁለት ሰው ስጡ። አንደኛው ጉዳዩን የሚያውቅ ባልደረባ ይሁን። ሁለተኛው ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ይሁን፤ ለእኔ እኚያ ምድር ቤት የሚኖሩት እናት ናቸው። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አክብሮት ሲሉ «ገባኝ» ይላሉ። «ለልጅዎ ሲነግሯት እንዴት ብለው ይነግሯታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እርሳቸው የሚናገሩት ጽሑፋችሁ በሰው ጆሮ የደረሰበት መልክ ነው፤ የተጣመመ ቦታ ካለ እዚያ ታገኙታላችሁ።

ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ የድምፅ መልእክት ቅዱ። በመጀመሪያ ቀኑንና ማንነታችሁን ተናገሩ። ጽሑፉን በኮምፒውተር የጻፋችሁ ከሆነ ፊደሉ ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጡ፤ በአሮጌ የግእዝ ፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ነገር ስልክ ላይ ሲደርስ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ጽሑፍን ፎቶ አድርጎ ብቻ መለጠፍም አይበጅም፤ ዓይነ ስውራን የሚያዳምጡበት ፕሮግራም አያነበውም፤ ከወር በኋላ በፍለጋም አይገኝም።

ሰባተኛ፦ ለጥፋችሁ አትሂዱ

ወደ ክፍል ልትገቡ አሥር ደቂቃ ሲቀራችሁ አትለጥፉ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት አብራችሁት ልትቆዩ ስትችሉ ለጥፉ። ጥያቄ ሲመጣ መልሱ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከመጣ ጥፋቱ የጽሑፉ ነውና አስተካክሉት። የሚሳደብ ሰው ቢመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና መልሱና አቁሙ፤ የምትጽፉት ዝም ብሎ ለሚያነበው ለሌላው ነው።

ስትሳሳቱ እርማቱ የሚሄድበትን መንገድ አስቡ። ቴሌግራም ላይ የራሳችሁን መልእክት ብታርሙ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ የተላለፈው ቅጂ አይታረምም። ስለዚህ ዋናውን አርማችሁ «ታርሟል» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፤ ከዚያ ራሱን የቻለ አዲስ መልእክት ልቀቁ፤ ምን ብላችሁ እንደ ነበር፣ ትክክሉ ምን እንደሆነ፣ በምን እንዳወቃችሁት። የተሳሳተውን በዝምታ ማጥፋት ይከፋል፤ ቅጂውን የያዘ ሰው «አጠፉት፤ የሆነ ነገር አለ» ይላል። እኔ ያንን እርማት ለመጻፍ አንድ ቀን ሙሉ አመነታሁ፤ ማመንታቴ ነበር ሁለተኛውን ሌሊት ያመጣው። ከእርማቱ በኋላ የቡድናችን አባላት ከበፊቱ ይልቅ ይጠይቁኝ ጀመር።

ስምንተኛ፦ የማይጻፈውን እወቁ

ለአንድ ሰው የመድኃኒት መጠን በአስተያየት መስጫ ላይ አትንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። የታማሚን ፎቶ፣ የካርድ ቁጥር ወይም የምርመራ ወረቀት ስሙ ተሸፍኖም ቢሆን አትለጥፉ፤ የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ አለው፤ ከአዋጁም በፊት የሰው ምስጢር ነው። የባልደረባችሁን ያልታተመ ውጤት ያለ ፈቃዱ አታውጡ። ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት፤ ብዙ ተከታይ ላለው ሰው ኃላፊነቱ እንዴት እንደሚከብድ ታያላችሁ። በአደጋ ጊዜ ደግሞ ሥራው የእናንተ ያልሆነውን ማስጠንቀቂያ አትስጡ፤ ባለቤቱን ተቋም ጠቅሳችሁ አስተላልፉ።

ድንገት ለሚመጣ ጊዜ አስቀድማችሁ ቅጽ አዘጋጁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እጅ እየተንቀጠቀጠ ጥሩ ዓረፍተ ነገር አይወጣም። እኔ በስልኬ ማስታወሻ ውስጥ ያኖርኩት ይኸውና፤ ነጥቦቹ የሚሞሉ ናቸው፦

«በ… ቀን … ዓ.ም. አጥቢያ … ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ የተሰማው ንዝረት የተነሣው ከ… አካባቢ መሆኑንና መጠኑ … ገደማ መሆኑን … የተባለው ተቋም አስታውቋል። ሌላ ይምጣ አይምጣ፣ ቢመጣስ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ ማንም የለም። ሲነቃነቅ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቃችሁ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፤ ንዝረቱ ሲቆም በደረጃ እንጂ በአሳንሰር አትውረዱ። ግድግዳችሁ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ እዚያ ክፍል ውስጥ አትደሩ። ይህ የተጻፈው በ… ሰዓት ነው፤ አዲስ ነገር ሲገኝ በዚሁ ገጽ ላይ ይጻፋል።»

ተቋሙ በሚለው ክፍት ቦታ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩትን መግለጫ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ካልወጣ የአሜሪካን የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም መዝገብ ተመልከቱ። መጠኑ ገና ካልታወቀ ያንን ሐረግ አውጡትና ቀሪውን ላኩ። ሰዓቱን ግን ከመላካችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስሉት።